የእጅ ጾም
በጋላፓጎስ ደሴቶች የእግር መንገድ ላይ ያየነው

መንገድ ከጥንት ጀምሮ ለሰው ልጅ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን ርቆ የሄደ ሁሉ ተምሮ አይመለስም፤ ዓይኑን አጥግቦ ልቡን ባዶውን ይዞ የሚመለስም ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብ ጊዜውንና ገንዘቡን አውጥቶ ሩቅ አገር ደርሶ በተመለሰ ጊዜ፣ «ምን አያችሁ?» ተብሎ ከሚጠየቅ ይልቅ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ የተገባ ይመስለናል። እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ በሚገኙት በጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል ስምንት ቀን በመርከብ ስንዞር፣ በየደሴቱም እየወረድን መሪ ተከትለን በእግር ስንሄድ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ደሴቶቹ በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው የኢኳዶር ግዛት ናቸው፤ ከዋናው ምድር ወደ ምዕራብ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። የምድር ወገብ በመካከላቸው ያልፋል። ሁሉም ከባሕር ሥር በወጣ እሳተ ገሞራ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከየብስ ጋር ተያይዘው አያውቁም። በላያቸው የሚኖረው እንስሳ ዘሩ ወደዚያ የደረሰው ወይ በክንፉ በርሮ፣ ወይ በውኃ ዋኝቶ፣ ወይም በተንሳፋፊ ግንድ ላይ ተጭኖ ነው። አንበሳና ነብር፣ ጅብና ተኵላ ግን ያን ያህል ባሕር ሊሻገሩ አልቻሉም። እንግዲህ በእነዚህ ደሴቶች የሚኖሩት ፍጥረታት በየብስ ላይ የሚያሳድዳቸው ጠላት ሳያውቁ እጅግ ረጅም ዘመን ኖረዋል፤ ሰውንም ባዩት ጊዜ አይሸሹም። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ የጉዞውን ሥርዓት እናስረዳ። መርከቡ ከደሴቱ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥላል፤ ተሳፋሪዎቹም በትንንሽ የጎማ ጀልባዎች ወደ ዳር ይደርሳሉ። ከፓርኩ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያገኘ መሪ ሳይኖር ማንም በጎብኚዎች መንገድ ላይ መሄድ አይችልም፤ አንድ መሪም ከ16 ሰው በላይ አይመራም። መንገዱ በአጫጭር የእንጨት ምልክቶች የተለየ ነው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ መውጣት ክልክል ነው። ከማናቸውም እንስሳ 2 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። መንካት፣ መመገብ፣ ድንጋይም ሆነ ዛጎል፣ አሸዋም ሆነ ላባ አንሥቶ መውሰድ አይፈቀድም። ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ስንሄድ የጫማችን ሥር ይታጠብ ነበር፤ አንዲት የሣር ፍሬ በጫማ ተጣብቃ ብትሻገር ለደሴቱ የማያውቀውን አረም ታመጣበታለችና። ልጆቻችን ይህን ባዩ ጊዜ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማ ማውለቅ የለመዱ ናቸውና፣ ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም።

ከሕጎቹ ሁሉ አንዱ በተለይ አስደሰተን። ወደ ደሴቶቹ ከሚጠጣ ውኃ በቀር ምግብ ይዞ መውረድ አይፈቀድም። የልጆቻችን የትምህርት ዕረፍት ከጾመ ፍልሰታ ጋር ስለ ተጋጠመ፣ መርከቡ ላይ ጠዋትና ማታ ሥጋውና ቅቤው፣ ዕንቁላሉና ወተቱ በተደረደረበት ገበታ ፊት ምስርና ሩዝ እየለመንን መቀመጥ ለትንንሾቹ ቀላል አልነበረም። በደሴቱ መንገድ ላይ ግን አማኙም ኢአማኙም፣ ባለጸጋውም ሠራተኛውም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጾመኛ ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንና ጆሮ፣ አንደበትና እጅም መጾም እንዳለባቸው ዘወትር ታስተምረናለች። የእጅ ጾም ምን እንደሚመስል ግን በሥጋ ዓይናችን ገልጠን ያየነው በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ላይ ነው።

ወደ እነዚህ ደሴቶች እንደ ደረሰ በጽሑፍ ከሚታወቁት ሰዎች የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኑም ሊታወስ ይገባል። በ1535 የፓናማ ኤጲስ ቆጶስ የነበሩት ቶማስ ደ ቤርላንጋ ወደ ፔሩ ሲጓዙ ነፋስ ቀርቶ መርከባቸው ቆመ፤ የባሕሩም ወራጅ ውኃ ወስዶ ከእነዚህ ደሴቶች አደረሳቸው። የሚጠጣ ውኃ አጥተው የቁልቋል ቅጠል እስከ ማኘክ ደረሱ፤ ከሰዎቹ 2፣ ከፈረሶቻቸውም 10 ሞቱ። እኒህ አባት ለስፔን ንጉሠ ነገሥት በላኩት ደብዳቤ፣ ምድሪቱ እግዚአብሔር ድንጋይ ያዘነመባት እንደምትመስል፣ ታላላቅ ኤሊዎች እንዳሉባት፣ አእዋፏም ከሰው መሸሽን እንደማያውቁና ብዙዎቹ በእጅ እንደተያዙ ገልጸዋል። ስለዚህ ሰው ስለ ደሴቶቹ በጻፈው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሁለቱም ነገሮች አንድ ላይ ተጽፈው እናገኛቸዋለን፤ አለመፍራታቸውና በእጅ መያዛቸው።

እኛም ያንኑ አለመፍራት አየን። ሰሜን ሲሞር በምትባለው ዝቅተኛ ደሴት ላይ፣ እግሩ እንደ ጠራ ሰማይ ሰማያዊ የሆነ ቡቢ የሚሉት ወፍ ከመንገዱ ጥግ ዕንቁላሉን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። ጎጆ የለውም፤ በዙሪያው በገዛ ኵሱ የሠራት ነጭ ክብ ብቻ ናት ቤቱ። ዐሥራ ስድስት ሰው በፊቱ ሲያልፍ አንገቱን ዘወር አድርጎ ተመለከተን እንጂ አልተነሣም። መሪያችን በዕድሜ ጠና ያሉ፣ የደሴቶቹ ተወላጅ የሆኑ ሰው ናቸው፤ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ዳር ዳሩን አሳለፉን። ሰው ለወፍ መንገድ ሲለቅ ያየነው በዚያ ቀን ነው።

ኤስፓኞላ በምትባለው በደቡብ ምሥራቅ ዳር ባለችው ደሴት ደግሞ፣ በዓለም ላይ ካሉት የዚህ ዘር አልባትሮሶች ሁሉም ለማለት ጥቂት እስኪቀር ድረስ ዕንቁላል የሚጥሉባትን ምድር ረገጥን። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር የሚበልጠው ይህ ወፍ በዓመት አንድ ዕንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ወንዱና ሴቷ ተራ በተራ ይታቀፉታል። በሰማይ ሲንሳፈፍ ንጉሥ ይመስላል፤ በምድር ላይ ግን እንደ ሽማግሌ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ለመነሣትም እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ በእግሩ መጓዝ አለበት። አንዱ በእኛ መካከል አልፎ ወደ ገደሉ ሲያዘግም ሁላችንም በመንገዱ ጠርዝ ቆመን ጠበቅነው። ከአፋፉ ራሱን ወደ ነፋሱ በጣለ ጊዜ ልጆቻችን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

በዐለቱ ላይ እንደ ተጣለ ጥቁር ገመድ ተደራርበው ፀሐይ የሚሞቁትን የባሕር ኢጓናዎችም አየን። እነዚህ እንሽላሊት መሰል ፍጥረታት በባሕር ውስጥ ጠልቀው ሣሩን ይግጣሉ። በ1835 በእነዚህ ደሴቶች አምስት ሳምንት የቈየው ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ከእነርሱ አንዱን ደጋግሞ ወደ ባሕር ቢወረውረው፣ እንስሳው በየጊዜው ዋኝቶ ወደ ቆመበት ቦታ ይመለስ እንደ ነበር ጽፏል። ተመራማሪው ለዚህ የሰጠው ምክንያት፣ እንስሳው በባሕር ውስጥ ሻርክ እንዳለ ያውቃል፣ በየብስ ላይ ግን ጠላት አያውቅም፤ ስለዚህ የብሱን መማፀኛው አድርጎ ይዞታል የሚል ነበር። ይህን በሰማን ጊዜ ልባችን ተነካ። ወደ ወረወረው እጅ ተመልሶ የሚመጣ ፍጥረት ምንኛ የሚያሳዝን ነው!

ይህ መታመን ያስከፈላቸው ዋጋ ታላቅ ነውና። ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ መርከቦች በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ደሴቶቹን እንደ ሥጋ ቤት ቈጠሯቸው። ታላላቆቹ የየብስ ኤሊዎች ያለ ምግብና ያለ ውኃ እስከ አንድ ዓመት መቈየት ስለሚችሉ፣ መርከበኞቹ በጀርባቸው እየገለበጡ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ይደረድሯቸውና በተራቡ ጊዜ ያርዷቸው ነበር። በጠቅላላው ከ100000 በላይ ኤሊዎች እንደ ተወሰዱ ይገመታል። ከሰው በኋላም የሰው ከብት መጣ። በአገራችን «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይባላል፤ በፒንታ ደሴት ይህ ቃል በቃሉ ተፈጸመ። በ1959 ዓሣ አጥማጆች የለቀቋቸው ጥቂት ፍየሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ሺሕ ሆነው ለኤሊዎቹ የሚሆነውን ቅጠል ጨረሱት። ከዚያ ደሴት ዘር አንድ ወንድ ኤሊ ብቻ በ1971 ተገኘ። ብቸኛው ጆርጅ ብለው ጠሩት፤ ከዘሩ የምትሆን ሴት ብትፈለግም አልተገኘችለትም። በሰኔ ወር 2012 ሲሞት ዘሩ ሁሉ ከእርሱ ጋር አለቀ። በቤታችን ደጃፍ ስንታሰር በረከት የሆነችው ፍየል ባልተሠራላት ቦታ ስትለቀቅ ጥፋት መሆኗን ልጆቻችን በመገረም ሰሙ፤ ጥፋቱ ግን የፍየሏ ሳይሆን የለቀቃት እጅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሕጉን መቀበል ለማናችንም አልከበደም። በአምስተኛው ቀን ግን ልባችንን የሚፈትን ነገር አገኘን። በአንድ አሸዋማ ዳር ላይ የባሕር አንበሳ ግልገል ብቻውን ተኝቶ ይጮኽ ነበር። ድምፁ የበግ ግልገል ይመስላል። አካሉ ከስቶ ቆዳው ተሸብሽቧል፤ ሰው ባየ ጊዜም ወደ እኛ እየተጎተተ መጣ። መሪያችን ሁላችንንም ወደ ኋላ እንድንርቅ አዘዙን። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ዕንባዋ ፈሰሰ። «እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልዳብሰው፤ ትንሽ ነገር እንኳ እናቅምሰው» ብላ ለመነቻቸው።

እሳቸውም ዝቅ ብለው እንዲህ አሏት፤ «ልጄ ሆይ፣ እናቱ ዓሣ ልታጠምድ ወደ ባሕር ሄዳ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ቀናት ትቈያለች። ስትመለስ ከነዚህ ሁሉ ግልገሎች መካከል የራሷን የምትለየው በድምፁና በሽታው ነው። ያንቺ እጅ ሽታ ቢያርፍበት እንግዳ ሆኖባት ልትተወው ትችላለች። አንቺ አንድ ጊዜ ብቻ ትያለሽ፤ ወደዚህ አገር ግን በየዓመቱ ከ200000 የሚበልጥ ሰው ይመጣል፤ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ይላል።» ልጃችንም «እናቱ ባትመለስስ?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እርሱን እኔም አላውቅም» አሏት።

ጀልባው ሲወስደን ግልገሉ ይጮኽ ነበር። እናቱ ተመልሳ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በዚያች ማታ ውዳሴ ማርያም ደግመን ስንጨርስ፣ ልጃችን ቀኑን ሙሉ በልቧ ያቈየችውን ጥያቄ አመጣች። «ማዘን ጥሩ ከሆነ፣ እግዚአብሔር እጅ የሰጠን ታዲያ ለምንድን ነው?» አለችን። በእውነቱ ይህ ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የተራበውን አብሉ፣ የታመመውን ጎብኙ እያለች ታስተምራለች፤ እኛም ልጆቻችንን በዚሁ አሳድገናል። እንግዲህ በሚጮኽ ፍጥረት ፊት እጅን አጣጥፎ መሄድ እንዴት ምሕረት ይባላል? ከእኛ ከወላጆቿ አንዳችንም በዚያች ሌሊት በቂ መልስ አላገኘንላትም።

በማግሥቱ ጠዋት መሪያችንን ጠየቅናቸው። የሰጡንም መልስ እነሆ። ግልገሉ የዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ውጦ ወይም የመረብ ገመድ አንገቱ ላይ ታስሮበት ቢሆን ኖሮ፣ ለፓርኩ ሠራተኞች ወዲያው በተነገራቸው፣ እነርሱም መጥተው በረዱት ነበር፤ ያ ሰው ያመጣው ጉዳት ነውና ሰው ሊጠግነው ይገባል። የእናቲቱ መሄድና መምጣት ግን ከሰው በፊት የነበረ ሥርዓት ነው፤ በዚያ ላይ የእኛ እጅ ከገባ፣ ልናጸድቅ ብለን እንኮንናለን። እጅ የተሰጠን ያፈረስነውን እንድንሠራበት ነው፤ ያላፈረስነውን ግን እንዳናፈርስ መሰብሰብ አለበት፤ አሉን።

ለቃላቸውም ማስረጃውን ከፊታችን አሳዩን። ያቺው አልባትሮሶቹን ያየንባት የኤስፓኞላ ደሴት ቀድሞ የራሷ የሆነ የኤሊ ዘር ነበራት። ከአደንና ከፍየል የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ፤ 12 ሴቶችና 2 ወንዶች። በደሴቷ ላይ ተበታትነው ስለ ነበር እርስ በርሳቸው እንኳ አይገናኙም ነበር። ከ1963 ጀምሮ በ11 ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ተፈልገው ሳንታ ክሩዝ ወደምትባለው ደሴት ተወሰዱ፤ በአሜሪካ ሳን ዲየጎ ከተማ በእንስሳት ማኖሪያ ይኖር የነበረ ሦስተኛ ወንድም ተጨመረላቸው። ፍየሎቹም በ1978 ከኤስፓኞላ ፈጽመው ተወገዱ። የተፈለፈሉት ትንንሽ ኤሊዎች ጥቂት ዓመታት እየተጠበቁ ካደጉ በኋላ ወደ ምድራቸው ይመለሱ ጀመር፤ በጠቅላላውም 2000 ያህል ሆኑ። በሰኔ ወር 2020 ደግሞ እነዚያው 15 አሮጌዎች ሥራቸውን ፈጽመው ወደ ቀድሞ ደሴታቸው ተመለሱ። ሥራውን ከጀመሩት ሰዎች ብዙዎቹ ፍጻሜውን ሳያዩ አልፈዋል። መርከበኛው ኤሊዋን ለመገልበጥ የፈጀበት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ፤ ያን ለመጠገን ግን ከ50 ዓመት በላይ አስፈለገ።

ከዚህ በኋላ ልጃችንን አስቀምጠን የሚከተለውን ነገርናት። እግዚአብሔር አዳምን በፍጥረት ሁሉ ላይ ባሠለጠነው ጊዜ በገነት ያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው። አራዊቱም ስም ሊወጣላቸው ወደ አዳም በመጡ ጊዜ አልሸሹትም፤ እርሱም አላሳደዳቸውም። በእነዚህ ደሴቶች ፍጥረታቱ ዛሬም ሳይፈሩን ሲቀርቡ፣ ያን የጥንት ፍቅር በጥቂቱ ያሳስቡናል። እነርሱ በበኩላቸው እንደ ቀድሞው ናቸው፤ የሚቀረው እኛ እንደ ቀድሞው መሆናችን ነው። ገዥነት ማለት የቻልነውን ሁሉ ማድረግ አይደለም፤ ጾመኛ የሚያስመሰግነው ምግብ በማጣቱ ሳይሆን ምግቡ በፊቱ ሳለ በመታገሡ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ኃይለኛም የሚመሰገነው እጁ እየደረሰ በመተዉ ነው። ልጃችንም ሰምታ «እንግዲያስ ለግልገሉ ልጸልይለት እችላለሁ» አለች። ይህንስ የሚከለክል ሕግ የለም አልናት።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ ይህን የጻፍነው እናንተም ወደዚያ ሂዱ ለማለት አይደለም። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ብዙ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ወደ ፓርኩ ለመግባት ብቻ አንድ የውጭ አገር ጎልማሳ 200 ዶላር ይከፍላል። ነገር ግን በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ በተከፈተ ጊዜ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች መካከል ጋላፓጎስ አንዱ ሲሆን፣ የእኛው ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አብረው ተጽፈዋል። ጋላፓጎስ ከ2007 እስከ 2010፣ ሰሜን ደግሞ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብተው ነበር፤ ሁለቱም በጥበቃ ከዚያ ተራ ወጥተዋል። በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮዎች በሰው አጠገብ ሆነው ሣራቸውን ይነጫሉ፤ እንደ ቡቢው ወፍ አይሸሹም። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ዋልያ ግን ቁጥሩ አንሶ በገደል ላይ ቀርቷል። በእነዚህ ዘንድም ሁለት ሜትር አለ፤ የምንወረውረው ቍራሽ እንጀራ አለ፤ የምንሰበስበውም እጅ አለ።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። አባቶቻችን በብዙ አድባራትና ገዳማት ዙሪያ ዛፉን ሳያስቈርጡ አቈይተውልናል። በደቡብ ጎንደር በእርሻው መካከል ከሩቅ ጠቍሮ የሚታየው ደን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ የአገሩ ዛፍ፣ ወፉና ጦጣው የተረፈው በዚያ ውስጥ ነው። በጣና ደሴቶችም እንዲሁ መነኰሳቱ ከጸሎታቸው ጋር ደኑን ጠብቀዋል። ያ ሁሉ የተጠበቀው ብዙ ሰው ብዙ ዘመን እጁን ስለ ሰበሰበ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በእግር ዙሩ። ከሚያውቁት አባት አንዱን መሪ ይሁኑን ብላችሁ ለምኑ። የዛፎቹን ስም ጠይቁ፤ የወፎቹን ድምፅ አድምጡ፤ ጎጆ ብታገኙ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ልጁ ድንጋይ ሊያነሣ ቢያጎነብስ እጁን በእጃችሁ ያዙት፤ ለምን እንደ ያዛችሁትም ንገሩት። የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ የወደቀ አጥር ብታዩ ደግሞ ያንኑ እጅ ለሥራ ልቀቁት።

ፍጥረቱን ሁሉ የፈጠረና የሚመግብ አምላክ፣ የምንሰበስብበትንና የምንዘረጋበትን ጊዜ ለይተን የምናውቅበት ማስተዋል ለቤተ ሰባችን ሁሉ ያድለን። አሜን።